ተወካያችን በምስጢር ድምፅ መስጠት ይገባዋልን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በደሴና በኮምቦልቻ ስለ ምክር ቤቶች አሠራር ጨዋታ በተነሣ ቁጥር፣ በሥነ ዜጋ ትምህርት ክፍለ ጊዜም ይሁን ከቅሬ (ከዕድር) ስብሰባ በኋላ በሚቀጥለው ወግ፣ ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። መልሶቹ የጸሐፊው አቋም ያለባቸው ስለሆኑ አቋሙን አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። በሕግ፣ በበጀት፣ በአዋጅና በመተማመኛ (መንግሥት ይቀጥል ወይስ ይውረድ በሚለው) ጉዳይ ላይ የሚሰጥ የተወካይ ድምፅ በስም ተመዝግቦ መራጩ ዘንድ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ። ምስጢር የሚያስፈልግባቸው ጥቂት ሁኔታዎች መኖራቸውን አልክድም፤ እነርሱም በየአጋጣሚው የሚፈጠሩ ሳይሆኑ አስቀድመው በደንብ ተለይተው የተጻፉ ሊሆኑ ይገባል።

የሕግ አውጪ ምስጢራዊ ድምፅ ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ይሰማል። የመጀመሪያው ዝግ ስብሰባ ነው፤ ጋዜጠኛና ታዛቢ አይገባበትም፣ አባላቱ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ማን ምን እንዳለም ያውቃሉ። ሁለተኛው ትክክለኛው ምስጢራዊ ድምፅ ነው፤ አባሉ ምርጫውን በወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ ሳጥን ውስጥ ይጨምራል፣ ድምሩ ይነገራል፣ ከጎኑ የተቀመጠው ባልደረባው እንኳ ምን እንደመረጠ አያውቅም። ሦስተኛው ድምፁ በአዳራሽ ውስጥ በግልጽ ከተሰጠ በኋላ ስም ሳይመዘገብ ድምሩ ብቻ ይፋ የሚሆንበት አሠራር ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ላይ ያተኩራል፤ በእኛ አገር የሚያሳስበኝ ግን ይበልጥ ሦስተኛው ስለሆነ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

እኛ መራጮች የምንመርጠው በምስጢር ነው። ለእኛ የተፈቀደው ለተወካያችን የሚከለከለው ለምንድን ነው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ጥያቄውም ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም በመጀመሪያ እይታ ፍትሐዊ ይመስላል።

መራጩ በድምፅ መስጫው መጋረጃ ጀርባ ሲቆም የሚሰጠው የራሱን ድምፅ ነው። ማንንም ወክሎ አልመጣም፤ ስለዚህ ለማንም መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። አሠሪው፣ ቤት አከራዩ፣ የቀበሌው ሹም፣ የገዛ ቤተሰቡ እንኳ ማንን እንደመረጠ ሊጠይቁት መብት የላቸውም። ምስጢራዊ ምርጫ በዓለም ላይ የተስፋፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ፣ በ1872 ደግሞ እንግሊዝ በሕግ ሲቀበሉት ዓላማው ጭሰኛው በመሬት ባለቤቱ ፊት፣ ሠራተኛውም በአሠሪው ፊት የመረጠውን በአደባባይ እንዲናገር ከሚያስገድደው ልማድ ነፃ እንዲወጣ ነበር። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ምርጫ በምስጢር ድምፅ እንዲካሄድ የደነገገው የመራጩ ፈቃድ ያለ ተጽዕኖ እንዲገለጽ ነው።

ተወካዩ በምክር ቤት ወንበር ላይ የሚሰጠው ድምፅ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። በአደራ የተቀበለው ነው። አንድ ቅሬ ሦስት ሰዎች መርጦ ስለ መንገድና ስለ ውሃ መስመር እንዲነጋገሩ ወደ ከተማው አስተዳደር ቢልክና፣ የተላኩት ሰዎች ሲመለሱ ምን እንደተስማሙ እንጂ እነርሱ ምን እንዳሉ አንነግራችሁም ቢሉ፣ ቅሬው በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ሰው ይመርጣል እንጂ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የላከ ሰው የተላከውን የመጠየቅ መብት አለው። መራጩ በሚቀጥለው ምርጫ ተወካዩን ደግሞ ለመምረጥ ወይም ለመተው የሚያስችለው ዋናው መረጃ ተወካዩ በአምስት ዓመት ውስጥ በየጉዳዩ የሰጠው ድምፅ ነው። ያ መረጃ ከሌለው የሚመርጠው በንግግር፣ በዝምድናና በምልክት ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ደንቦች የሚጋጩ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው፤ የመራጩን ሥልጣን መጠበቅ። የመራጩ ድምፅ ሲሰወር ከጉልበተኛ ይጠበቃል፤ የተወካዩ ድምፅ ሲገለጥ ደግሞ መራጩ በላከው ሰው ላይ ያለው ቁጥጥር ይጠበቃል።

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የምክር ቤት አባላት በምስጢር ወይም በግልጽ ድምፅ ይስጡ ብሎ በአንድ አንቀጽ አልወሰነም። ሆኖም ከአንቀጾቹ አቅጣጫውን መረዳት ይቻላል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ የሕዝብ ተመራጭም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናቸው መሆኑን ይገልጻል። በዚሁ አንቀጽ አንድ አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት እንደማይከሰስና አስተዳደራዊ እርምጃም እንደማይወሰድበት ተጽፏል። አንቀጽ 58 ደግሞ ስብሰባዎች ለሕዝብ ግልጽ ናቸው ካለ በኋላ፣ በአስፈጻሚው አካል ወይም በአባላት ሲጠየቅና ከግማሽ በላይ የሆኑት አባላት ሲደግፉት ዝግ ስብሰባ ሊደረግ እንደሚችል ይፈቅዳል።

እነዚህን አንድ ላይ ላነበበ ሰው መልእክቱ ግልጽ ይመስለኛል። እምነት ያጣንበትን ተወካይ ማንሣት እንችላለን የሚለው መብት፣ ተወካዩ ምን እንዳደረገ የምናውቅበት መንገድ ከሌለ በተግባር ሊሠራ አይችልም። በሰጠው ድምፅ ምክንያት አይከሰስም የሚለው ጥበቃም የተጻፈው ድምፁ እንደሚታወቅ ታስቦ ነው፤ የማይታወቅ ድምፅ ከክስ የሚጠብቅ አንቀጽ አያስፈልገውም ነበር።

በእኛ ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት፣ ያውም በቴሌቪዥን እየታየ ነው። ከዚህ በላይ ምን ግልጽነት ይፈለጋል?

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን ያለው ዋናው ችግር በምስጢራዊ ድምፅ ሳይሆን በዚህ በግማሽ ግልጽ በሆነው አሠራር ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

አፈ ጉባኤው የሚደግፉ እጃቸውን እንዲያወጡ፣ ቀጥሎ የሚቃወሙ፣ ቀጥሎ ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርጉ እንዲያሳዩ ይጠይቃል። በመጨረሻም ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ወይም በአብላጫ ድምፅ፣ በዚህን ያህል ተቃውሞና በዚህን ያህል ተአቅቦ መጽደቁ ይነገራል። ካሜራው አዳራሹን በጥቅሉ ያሳያል እንጂ እያንዳንዱን ፊት አያሳይም። በማግስቱም በዜና የምንሰማው ቁጥሩን ነው። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ እዚህ ሆኖ ዜናውን የሚከታተል መራጭ የእኔ ተወካይ ከደጋፊዎቹ ነበር ወይስ ከተቃዋሚዎቹ፣ ወይስ ጭራሽ አልተገኘም ብሎ ቢጠይቅ ከዚያ ዜና መልስ አያገኝም።

አሁን ድምፁ ለማን ተገለጠ፣ ከማን ተሰወረ ብለን እንጠይቅ። በአዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠው የፓርቲ ተጠሪ ተገልጧል፤ ማን እጁን እንዳወጣ፣ ማን እንዳላወጣ አሻግሮ ያያል። ለሚኒስትሮች ተገልጧል። የተሰወረው ከመራጩ ብቻ ነው። ተወካዩ በፓርቲው ፊት ሙሉ በሙሉ ግልጽ ሆኖ በመራጩ ፊት ግን ስም አልባ ቁጥር ይሆናል ማለት ነው። ከሁሉም የከፋው አሠራር ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ምስጢራዊ ድምፅ የሚሰጠውን ነፃነት አያስገኝም፣ ግልጽ ድምፅ የሚያስገኘውን ተጠያቂነትም አያመጣም።

የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያን ዕለት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን ለማጽደቅ ተሰብስቦ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱም ለዚህ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ድጋፍ ይጠይቃል። መጀመሪያ የተነገረው ውጤት 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞና 7 ድምፀ ተአቅቦ ነበር። በወቅቱ ከነበሩት 539 አባላት ሁለት ሦስተኛው 360 ስለሚሆን ቁጥሩ ወዲያውኑ ጥያቄ አስነሣ፤ ኋላም የድጋፉ ቁጥር 395 ነው ተብሎ ታረመ። እርማቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በእጅ ቆጠራ ላይ ስሕተት መፈጠሩ አያስገርምም። ነገር ግን የ49 ድምፅ ልዩነትን አንድ ዜጋ በራሱ ሊያጣራ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ድምፁ በስም ጥሪ ተሰጥቶ ዝርዝሩ ቢታተም ኖሮ ክርክሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ በተዘጋ ነበር።

ከዚያ ዕለት ሌላም ትምህርት አለ። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ 547ቱንም መቀመጫዎች ያሸነፉት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ስለነበሩ በአዳራሹ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል አልነበረም። 88ቱ እጆች የተነሡት ከገዥው ግንባርና ከአጋሮቹ ወንበሮች መካከል ነው። ሰው በግልጽ ድምፅ ከፓርቲው ሊለይ አይደፍርም ለሚሉ ሁሉ ይህ ጠንካራ መልስ ይመስለኛል። የሚያሳዝነው ግን በይፋ በተነገረው ውጤት ውስጥ የ88ቱ ስም አለመኖሩ ነው፤ የደገፏቸው መራጮች ሊያመሰግኗቸው፣ የተቃወሟቸውም ሊጠይቋቸው የሚችሉበት መዝገብ አልቀረበም።

ከዚያ በኋላም ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲጸድቅ 16 ተቃውሞና 12 ድምፀ ተአቅቦ ተመዝግቧል። አዋጁ የደሴንና የኮምቦልቻን ነዋሪ የዕለት ኑሮ በቀጥታ የሚነካ ነበር። የእኛ ተወካዮች በየትኛው ወገን እንደነበሩ የማወቅ መብት አለን ብል ማጋነን አይሆንም፤ የደገፈውም የተቃወመውም ምክንያቱን ቆሞ ሊያስረዳን ይገባል፤ ምናልባትም ሁለቱም አሳማኝ ምክንያት ይኖራቸዋል።

እጅ በማውጣት ብቻ መወሰን የሚያስከትለውን አደጋ ከሌላ አገርም ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 2014 የዩክሬን ፓርላማ ተቃውሞ ሰልፍን የሚያጠብቡ ሕጎችን ያጸደቀው በስም በሚመዘግበው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሳይሆን እጅ በማውጣት ነበር፤ ቆጠራው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መጠናቀቁም የሕጎቹን ተቀባይነት ከመጀመሪያው ጎድቶታል።

ተወካዩ በምስጢር ድምፅ ቢሰጥ ከፓርቲው ጫና ነፃ ወጥቶ ህሊናውን አይከተልም?

የምስጢራዊ ድምፅ ደጋፊዎች ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። ፓርቲው ዕጩ አድርጎ ያቀረበውን ሰው በሚቀጥለው ምርጫ ሊተወው ይችላል፤ ሹመት ሊከለክለው፣ ከኮሚቴ ሊያወጣው ይችላል። ይህን የሚፈራ ሰው የመራጩን ፍላጎት እያወቀ ከፓርቲው ጋር እጁን ያነሣል። ወረቀቱ በሳጥን ውስጥ ቢገባ ግን ማንም አያውቅበትም።

የደቡብ አፍሪካ ልምድ ይህን ክርክር በሚገባ ያሳያል። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 አፈ ጉባኤዋ የመተማመኛ ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ የማዘዝ ሥልጣን እንዳላት ወሰነ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 8 ቀን 2017 በፕሬዚዳንት ጄኮብ ዙማ ላይ የቀረበው የመተማመኛ ማጣት ጥያቄ በምስጢር ድምፅ ተሰጥቶበት 177 ደገፉት፣ 198 ተቃወሙት፣ 9 ተአቅቦ አደረጉ። የተቃዋሚ ፓርቲዎች ወንበር ድምር 151 ስለነበር ቢያንስ 26 የገዥው ፓርቲ አባላት በገዛ ፕሬዚዳንታቸው ላይ ድምፅ ሰጥተዋል ማለት ነው። ለምስጢር የሚከራከሩ ሰዎች ይህን እንደ ድል ይጠቅሱታል።

እኔ ግን ሁለት ነገሮችን እጨምራለሁ። አንደኛ፣ ዙማ በዚያ ድምፅ አልወረዱም፤ የወረዱት ከስድስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018፣ የራሳቸው ፓርቲ በይፋ እንዲለቁ ከወሰነ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ በደቡብ አፍሪካ የፓርላማ አባል የሚመረጠው በፓርቲ ዝርዝር ሲሆን ከፓርቲው ከተባረረ ወንበሩንም ያጣል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ አባሉ ለምስጢር መሟገቱ ይገባኛል። በእኛ አገር ግን ተወካዩ በስሙ፣ በምርጫ ክልሉ ይመረጣል፤ ሕገ መንግሥቱም ወንበሩን እንዲያጣ የሚያደርገው የመራጩን አመኔታ ማጣቱ እንጂ የፓርቲውን ቁጣ አይደለም። ስለዚህ የሌላውን አገር መድኃኒት ከመውሰዳችን በፊት የራሳችንን በሽታ መመርመር አለብን።

ከዚያም በላይ ምስጢር ህሊና ያለውን ብቻ አይጠቅምም። በጣሊያን የተወካዮች ምክር ቤት ለረጅም ዓመታት የሕግ ረቂቅ የመጨረሻ ድምፅ በምስጢር ይሰጥ ነበር። በአደባባይ መንግሥትን ደግፈው በሳጥኑ ፊት የሚያፈርሱ አባላት ስለበዙ፣ ማን ምን እንደሚፈልግ ስለማይታወቅም፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ደንቡ ተለውጦ ግልጽ ድምፅ መደበኛው ሆነ፤ ምስጢር የቀረው በዋናነት ሰዎችን ለሚመለከቱ ድምፆችና ለተወሰኑ የህሊና ጉዳዮች ነው። መራጩን ፊት ለፊት አንድ ነገር ብሎ ጀርባውን ሲሰጥ ሌላ የሚያደርግ ሰው ከፓርቲው ነፃ የወጣ ሊመስል ይችላል፤ ነፃ የወጣው ግን ከመራጩም ጭምር ነው።

ለፓርቲ ጫና ትክክለኛው መድኃኒት አንቀጽ 54 የሰጠውን ጥበቃ በተግባር ማክበር፣ ፓርቲዎችም በየትኞቹ ጉዳዮች ላይ አባሎቻቸው እንደ ህሊናቸው ድምፅ እንዲሰጡ እንደሚፈቅዱ አስቀድመው በይፋ እንዲያሳውቁ መጠየቅ ነው። ከፓርቲው የተለየ አባል ስሙ ሲታተም ሊጎዳ እንደሚችል ሁሉ መራጮቹ ከኋላው እንዲቆሙለት የሚያደርጋቸውም ያው መታተሙ ነው።

ድምፅ በምስጢር ከሆነ ጉቦ የሚሰጥ ሰው የገዛውን ማረጋገጥ ስለማይችል ጉቦ አይቀንስም?

ክርክሩ በተለይ በአሜሪካ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ የኮንግረስ አባላት በረቂቅ ሕጎች ማሻሻያ ላይ ቀድሞ ስም ሳይመዘገብ ይሰጡት የነበረውን ድምፅ በስም እንዲመዘገብ መንገድ ከከፈተ በኋላ፣ ባለሀብቶችና ጥቅም ፈላጊዎች የደገፉት አባል በየጉዳዩ ታዝዞላቸው እንደሆነ ማየት ቻሉ የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም።

ይሁን እንጂ ታሪክ ተቃራኒውንም ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1972 በምዕራብ ጀርመን ፓርላማ ቻንስለር ቪሊ ብራንትን ለማውረድ በምስጢር ድምፅ ተሰጥቶ 249 ሲያስፈልግ 247 ብቻ ተገኘ። የኋላ ኋላ እንደታወቀው የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት ድምፅ ገዝቶ ነበር፤ አንድ አባል 50,000 ማርክ መቀበሉን ራሱ ተናግሯል። ምስጢሩ ጉቦውን አላስቀረውም፤ እውነቱ ወጥቶ እንዳይጣራ ግን ለዓመታት ጋረደው። ጉቦን የሚይዘው የሀብት ምዝገባ፣ የጥቅም ግጭትን የማሳወቅ ግዴታና ነፃ ምርመራ ነው።

አካባቢው ጸጥታ የሌለው ሲሆንስ? ተወካዩ በሰጠው ድምፅ ሕይወቱ ወይም ቤተሰቡ አደጋ ላይ ቢወድቅስ?

በወሎ ያለፉትን ዓመታት የኖረ ሰው ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጎ ሊያልፈው አይችልም፤ እኔም አላልፈውም። የተወካዩ ቤተሰብ የሚኖረው በመራጮቹ መካከል ነው፤ ሁሉም ቅሬታ ያለው ሰው ደግሞ ቅሬታውን በአቤቱታ ብቻ አያቀርብም።

ተቀባይነት ያለው መፍትሔ ስሙን እስከ መጨረሻው መሰወር ሳይሆን ይፋ የሚሆንበትን ጊዜ ማዘግየት ይመስለኛል። ምክር ቤቱ አንድ የጸጥታ ጉዳይ ላይ ሲወስን ድምፁ በስም ተመዝግቦ ዝርዝሩ አስቀድሞ ለተቆረጠ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለጥቂት ወራት፣ ከሚቀጥለው ምርጫ ግን ሳያልፍ፣ ታሽጎ እንዲቆይ ሊወስን ይችላል። ይህን የማዘግየት ውሳኔ ራሱ ግን በስምና በግልጽ ድምፅ መወሰን አለበት። አለበለዚያ ጸጥታ የሚለው ቃል ለማንኛውም የማይመች ድምፅ መሸፈኛ ይሆናል።

ሰው በሚመረጥበት ጊዜስ፣ ለምሳሌ አፈ ጉባኤ ሲመረጥ፣ ምስጢር አይፈቀድም?

እዚህ ላይ ምስጢርን እደግፋለሁ። አፈ ጉባኤው ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደማይናገር የሚወስን ሰው ነው፤ ያልመረጡትን አባላት ዝርዝር ይዞ ወንበሩ ላይ ባይቀመጥ ይሻላል። የእንግሊዝ ፓርላማ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፈ ጉባኤውን በምስጢር ይመርጣል። ጋናም እንዲሁ ታደርጋለች፤ ጥር 2021 እ.ኤ.አ. ላይ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች እኩል 137 ወንበር በያዙበት ፓርላማ፣ በቆጠራው መካከል አንድ አባል የድምፅ ወረቀት ነጥቆ እስከ መሮጥ በደረሰበት ሌሊት፣ የተቃዋሚው ወገን ዕጩ አልባን ባግቢን አፈ ጉባኤ ሆነዋል። በፓርቲ ውስጥም ቢሆን ያው ነው፤ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ምክር ቤት ዶክተር ዐቢይ አሕመድን በ108 ድምፅ ሊቀመንበር ያደረገው በምስጢር ድምፅ ነበር።

የመንግሥት መሪን መምረጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 2025 ፍሪድሪሽ ሜርጽ በጀርመን ፓርላማ በመጀመሪያው ዙር 316 ድምፅ ሲያስፈልጋቸው 310 ብቻ አገኙ፤ ጥምረታቸው ደግሞ 328 ወንበር ነበረው። በዚያው ቀን በሁለተኛው ዙር ቢመረጡም የጎደሉት 18 ድምፆች ከማን እንደጎደሉ መራጩ እስከ ዛሬ አያውቅም። መንግሥትን የሚያቆምና የሚያወርድ ድምፅ ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነው ብዬ ስለማምን የጀርመኖችን አሠራር በዚህ ረገድ አልመርጠውም።

ይህ ሁሉ የክልል፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤትንም ይመለከታል?

አዎን፤ እንዲያውም ይበልጥ ይመለከታቸዋል። የከተማ ምክር ቤት የሚወስነው ስለ መሬት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ቆሻሻ ማስወገጃና ስለ ገበያ ቦታ ስለሆነ ውጤቱ በማግስቱ በደሴ ከሰኞ ገበያ ሰፈር እስከ ሆጤ ይታያል። በዚህ ደረጃ በስም መመዝገብ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ የስም ዝርዝሩን ይዞ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ደገፈ፣ ተቃወመ፣ ተአቅቦ፣ አልተገኘም ብሎ ቢጽፍና ገጹ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ይበቃል።

ሁሉንም ድምፅ በስም መመዝገብ ጊዜ አይፈጅም?

በስም ጥሪ ከሆነ ይፈጃል፤ አምስት መቶ ስም ሲጠራ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ነገር ግን የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ መስጫ ይህን በሰከንዶች ይጨርሰዋል፤ እስኪሟላ ድረስም ደንቡ በተወሰኑ አባላት ጥያቄ ብቻ የስም ጥሪ እንዲደረግ ሊያዝ ይችላል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው ሲጠይቁ የእያንዳንዱ ድምፅ በመዝገብ እንዲሰፍር ያዛል። ለሥነ ሥርዓት ጉዳይ እጅ ማውጣት ይበቃል፤ ለአዋጅ፣ ለበጀት፣ ለአስቸኳይ ጊዜና ለመተማመኛ ድምፅ ግን ስም መመዝገብ አለበት።

አሁን ባለው አሠራር ተወካዬ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ለማወቅ ምን ማድረግ እችላለሁ?

በመጀመሪያ የምክር ቤቱን ጽሕፈት ቤት የዕለቱን ቃለ ጉባኤ በጽሑፍ ይጠይቁ። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የተከለከለ ሰውም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ የስብሰባውን ቀን፣ የአዋጁን ስም፣ የሚፈልጉትንም የአባላት የድምፅ ዝርዝር ለይቶ ይግለጽ። ዝርዝሩ ስም የለውም የሚል መልስ ከመጣም መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉና ያስቀምጡት፤ ደንቡ እንዲሻሻል ለመጠየቅ ጠቃሚው ማስረጃ ያ ነው።

ከዚያ ተወካዩን በአካል ይጠይቁ። የምክር ቤቱ የዓመቱ የሥራ ጊዜ ሰኔ 30 ሲያበቃ አባላት ወደ ምርጫ ክልላቸው ተመልሰው ከመራጮች ጋር የሚገናኙበት ጊዜ ይኖራል። በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ አብዛኛው ጥያቄ ስለ መንገድና ስለ መብራት ነው፤ ተገቢም ነው። ከእነዚያ ጥያቄዎች መካከል አንዱ ግን የአንድን አዋጅ ስም ጠርቶ፣ በዚህ ቀን በዚህ አዋጅ ላይ እርስዎ ደግፈዋል፣ ተቃውመዋል ወይስ ተአቅቦ አድርገዋል፣ ምክንያትዎስ ምንድን ነው የሚል ይሁን። ጥያቄው በአክብሮት ይቅረብ፤ መልሱም በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ከስብሰባው መሪ ይጠየቅ።